ያልተሸለተችው

መቀሱ እሷ ጋ ሲደርስ አለፋት።

ሁማያ የራስ መሸፈኛዋን አውርዳ፣ አንገቷን ደፍታ እየጠበቀች ነበር። የቤቱን ሴቶች በገዛ እጇ የምትሸልተው እናቷ ግን ከእሷ ቀጥሎ ወደ ተቀመጠችው ወደ አክስቷ ዳሪታ ዞረች። ውጭ ባልደራሶቹ የፈረሶቹን ጋማ እየቆረጡ ነው። በፋርስ ነገሥታት ከተማ በሱሳ ትልቅ ቤት ሐዘን ሲገባ ፈረስም አይቀርለትም።

“እማዬ፣ እኔን ረሳሽኝ።”

“አልረሳሁሽም።”

ሁማያ ገባት። በሐዘን ቤት ጸጉሯ የማይነካ ሴት አንድ ብቻ ናት፤ ለባል የታጨች።

እህቷ ፍሬኒ በሩቋ የምሥራቅ ግዛት በባክትሪያ በወሊድ ሞታ፣ ሬሳዋ በሰም ተለብጦ በጋሪ መጣ። ከጋሪው ጋር የባሏ የባክትሪያው ገዥ መልእክተኛም ምትክ ሚስት ሊወስድ መጣ። ገዥው ብዙ ጦር አለው፤ ንጉሡ ዝምድናው እንዲበጠስ አይፈልግም። የእነሁማያ አባት ደግሞ የንጉሡ የአጎት ልጅ ነው።

በሁለተኛው ቀን ለቀስተኞች መሬት ላይ ተቀምጠው የገብስ ቂጣ እየቆረሱ ያንሾካሹካሉ።

“ሰውዬው ሚስት የሚያስለውጠው እንደ ፈረስ ነው እንዴ?” አለች አንዷ።

“ኧረ ፈረስ ብትሆንማ ይሳሳላት ነበር” አለች ዳሪታ፣ የተላጨ ራሷን እያከከች።

ሁማያ ሰምታ እንዳልሰማ ሆነች። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ተራው የእሷ ነበር። የገዥው ሽማግሌዎች ሊያጯት የመጡ ዕለት ታምሜያለሁ ብላ ተኛች። ፍሬኒ ከምድጃ የጋለ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልላ አምጥታ በብብቷ ሸጎጠችላት።

“አቃስቺ እንጂ! እንዲህ ነው እንዴ የሚታመመው?” እያለች በሳቅ ትፈርሳለች።

ሽማግሌው የሁማያን ግንባር ነካ፤ እጁን ሰበሰበ። ዞር ሲል ውሃ ይዛ የቆመችውን አየ።

“ይቺስ?”

በእሷ ፈንታ የሄደችው ፍሬኒ ያን ጊዜ አስራ አራት ዓመቷ ነበር። ለማንም አልተናገረችባትም። በየዓመቱ ከባክትሪያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ግን ያንኑ መልእክት ያደርሳል፤ “‘ሁማያን ትኩሳቱ ለቀቃት ወይ?’ ብላለች።” እናቷ “ይቺ ልጅ ሌላ ወሬ የላትም?” ትል ነበር። ሁማያ ተድራ፣ ባሏ በዘመቻ ሞቶባት ወደ አባቷ ቤት ስትመለስም ጥያቄው አልቀረም።

ለቀስተኛው ሲቀንስ ወደ እናቷ ሄደች።

“መቀሱን ስጪኝ። ራሴ እቆርጠዋለሁ።”

እናቷ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። “ቁረጪው፤ አልከለክልሽም። ግን ነገ የልጆቹ ተራ ነው። አንቺ ከተሸለትሽ ትንሿን እህትሽን አርዳታን አልፋታለሁ።”

“አስራ ሁለት ዓመቷ ነው!”

“እኔ አስራ ሦስት ነበርኩ።” መቀሱን በጨርቅ ጠረገች። “ደክሞኛል፣ ሁማያ። የምትሄደውን መምረጥ ታክቶኛል።”

በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ተሰለፉ። ትንሿ አርዳታ ወገቧ የሚደርሰውን ጸጉሯን በሁለት እጇ ይዛ ትነጫነጫለች።

“ጫፉን ብቻ! ምን አለበት? ፍሬኒን እኮ አላስታውሳትም።”

መልእክተኛው በር ላይ ቆሟል። የእናትየዋ እጅ ከልጅቷ ራስ በላይ ቆመና ዓይኗ ሁማያን ፈለገ።

ሁማያ ተነሳች። መቀሱን ከእናቷ እጅ ወሰደች፤ የአርዳታን ጸጉር ጠቅልላ ጨበጠች።

“እትዬ፣ ያማል?”

“ጸጉር አያምም። አንገትሽን ዝቅ አድርጊ።”

ከሥሩ ቆረጠችው። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፤ የተረፈ እንዳይኖር። መልእክተኛው የልጅቷን ራስ፣ ከዚያም የሁማያን ረጅም ጸጉር አየ። በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ጋሪውን ሊያሰናዳ ወጣ።

አርዳታ ራሷን ዳብሳ ማልቀስ ጀመረች። “አስቀያሚ ሆንኩ!”

“በጣም” አለች ሁማያ።

ከዚያ ከኋላዋ ተንበረከከችና አንገቷ ላይ የተጣበቀውን ብጥስጣሽ ጸጉር ቀስ ብላ እፍ እፍ ትልላት ጀመር።