ከሜትር ከሃያ ወደ ዘጠና

ጉልላት ስለ መጋዝ ሲጠየቅ ደስ የሚለው ሰው ነበር፤ ችግሩ የሚጠይቀው አለመኖሩ ነው። ቀጨኔ ዳገቱ ላይ፣ ጓሮው ውስጥ በቀለሳት የቆርቆሮ ጥግ፣ ባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ የታሰረች አንዲት ብረት መያዣ ሞርሳ፣ ሁለት የብረት መጋዝ፣ ማለትም ሴጌቶ፣ እና ምላጮቹን የሚያኖርባት የብስኩት ጣሳ ነበሩት። ቀን በአንድ የመንግሥት ፋብሪካ የጥገና ክፍል ይሠራል። ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩን በር፣ የሰፈሩን ምድጃና የሰፈሩን መቀርቀሪያ ይጠግናል። አርባ አራት ዓመቱ ነው። አላገባም። ለምን እንዳላገባ የሚጠይቁት፣ ስለ መጋዝ ከሚጠይቁት በጣም ይበዙ ነበር።

ቢያንስ ያለፉትን ጥቂት ዓመታት ያላገባበት ምክንያት ከአጥሩ ማዶ ይኖራል። ሰርኬ ትባላለች። ባሏ የሺጥላ በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ከሚሊሺያው ጋር ወደ ሰሜን ዘመተ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። ሁለተኛው «ካልሲ ላኪልኝ» ይላል። ሰርኬ ካልሲውን ላከች፤ ይድረሰው አይድረሰው የነገራት የለም። ከዚያ ወዲህ ሞቷል ያላት የለም፣ አለ ያላትም የለም። ቀበሌው «የዘማች ቤተሰብ» ብሎ መዝግቧታል። መዝገብ ደግሞ አይናፍቅም።

ጉልላት የሚመኘው ትልቅ ነገር አልነበረም። ሰርኬ «እርስዎ» ማለቱን ትታ አንድ ቀን «አንተ» እንድትለው ብቻ ነው። የሚበልጣት ዘጠኝ ዓመት ነው። ዘጠኝ ዓመት «እርስዎ» ያስብላል ወይ እያለ ራሱን ሲሞግት ስንት ቅዳሜ አለፈ።

በሰባ አምስት፣ ጥቅምት ላይ፣ ሰርኬ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ጋሽ ጉልላት፣ አልጋ ይቆርጣሉ?»

«የምን አልጋ?»

«የኔን ነዋ። ሜትር ከሃያ ነው፤ ዘጠና ያድርጉልኝ።»

ጉልላት የያዘውን ሞረድ አስቀመጠ። አልጋ በሳንቲሜትር ይጠራ እንጂ፣ ሜትር ከሃያ ሲባል ሁለት ሰው፣ ዘጠና ሲባል አንድ ሰው መሆኑን የማያውቅ የለም። እሱ ራሱ የሚተኛው ዘጠና ላይ ነው።

«አልጋ ጠበበኝ የሚል እንጂ ሰፋኝ የሚል ሰው አልገጠመኝም» አላት።

«አክስቴ የስፌት መኪናዋን ሰጠችኝ። የልብስ ሰፊዎቹ ማኅበር ልገባ ነው። መኪናዋ ግን ማቆሚያ አጣች። ቤቱን እንዳላሰፋው የቀበሌ ነው። አልጋው ግን የራሴ ነው።»

«ስንት ጎደለሽ?»

«ለክቼዋለሁ። ሠላሳ ሳንቲም።»

ሠላሳ ሳንቲም በጎኑ የተኛ ሰው ማለት ነው። ጉልላት ይህን በልቡ ለካ። ቆረጠላት ማለት ነው፤ መጠበቅ በቃት ማለት ነው። ደስ አለው። ደስ ማለቱ አሳፈረው። ማፈሩ ግን ደስታውን አላስተወውም።

በማግስቱ አልጋውን ሄዶ አየ። ራስጌው ሁለት አግዳሚ ቱቦ፣ ግርጌው ሁለት አግዳሚ ቱቦ አለው። በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። ስስ ነው። ስስ ቱቦ ላይ ጥርሱ የተራራቀ ምላጭ ማሳረፍ ማለት፣ ብረቱ በሁለት ጥርስ መሃል ገብቶ አንዱን ጥርስ ነቅሎ እንዲያስቀር መፍቀድ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ጥርስ አብሮ ብረቱ ላይ መቀመጥ አለበት። ጣሳዋ ውስጥ ያሉት ደግሞ በአንድ ኢንች አሥራ ስምንት ጥርስ ያላቸው ናቸው፤ ለወፍራም ብረት የሚሆኑ። ሌላ ሰው ቢሆን «ያው መጋዝ አይደል» ብሎ በነሱ ይጀምር ነበር። ጉልላት መርካቶ ወረደ።

ምናለሽ ተራ የሚያውቀው ሸፊ የሚባል ነጋዴ አለ።

«ሸፊ፣ ባለ ሠላሳ ሁለት ጥርስ አለህ?»

«ሠላሳ ሁለት ጥርስ? ምላጭ ነው ሙሽራ የምትፈልገው?»

«ምላጭ።»

«እስከ መቼ ምላጭ ብቻ፣ አንተ ሰው! እንካ፣ ባለ ሃያ አራት።»

«ቱቦው ስስ ነው። ይነክሰዋል።»

«ምንድን ነው የምትቆርጠው?»

«አልጋ።»

«የማንን?»

ጉልላት ሚዛን ላይ የተከመረ ሚስማር ማየት ጀመረ። ሸፊ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የደንበኛ ፊት ሲያነብ የኖረ ሰው ነው፤ አልደገመውም። ከመደርደሪያው ሥር ቅባት በነካው ወረቀት የተጠቀለለች ምላጭ አወጣ።

«እቺ የድሮዋ ናት፤ አንዲት ነች የቀረችኝ። ከወንድም ሶሻሊስት አገር የሚመጣውን አልሰጥህም።» ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ቀነሰ። «ሁለተኛው ቱቦ ላይ አቋሙን ይለውጣል።»

ቅዳሜ ጉልላት ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ብረት ሊቆርጥ ሄደ። ሰርኬ ፍራሹን አንሥታ ግድግዳው ላይ አስደግፋዋለች። እሷ ስትተኛበት የኖረችው በኩል ጎድጉዷል። ሌላው ጎን ሜዳ ነው።

አዲሷን ምላጭ ሴጌቶው ላይ አስገባና ብሎኑን እያጠበቀ በጣቱ ነካ ነካ አደረጋት፤ የላላ ምላጭ ይጠማዘዛል፣ ያለ ልክ የተወጠረ ይሰበራል። ሰርኬ ጎንበስ ብላ ታያለች።

«ጥርሱ ወደ ፊት ነው እንዴ የሚዞረው?»

ተጠየቀ! ጉልላት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወደ ፊት ነው። ብዙ ሰው ገልብጦ ያስገባውና መጋዙን ይራገማል። ሴጌቶ የሚቆርጠው ሲሄድ ነው። ሲመለስ አትጫኚውም፤ ዝም ብሎ ይመለሳል።»

«መመለሱ አይቆርጥም?»

«አይቆርጥም።»

«መሄዱ ነው እንጂ» አለች ሰርኬ፣ ለቱቦው እንደምትነግረው ሁሉ።

ጉልላት ስለ መጋዝ የጀመረውን ወሬ አቋረጠ። በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር።

ሜትሩን ዘረጋ፤ ጠመኔ አወጣ። ራስጌው መሃል ላይ ከብረት የተጠማዘዘ አበባ አለ፤ የሺጥላ ለሠርጋቸው ያሠራው።

«ከመሃል ብቆርጠው አበባው ይሄዳል» አላት። «ከአንድ ጎን ነው የሚቀነሰው። በየት በኩል ይሁን? በግድግዳው ነው በበሩ?»

«በግድግዳው በኩል እኔ ነኝ። በበሩ በኩል እሱ ነው።»

ጉልላት መልሱን ያገኘ መሰለው። ጠመኔውን ይዞ ወደ በሩ ጎን ዞረ፤ ሠላሳ ሳንቲም ለካ፤ ነጭ ነጥብ አደረገ። መስመሯን ሊያሰምር ሲል የሰርኬ እጅ መጥቶ ቱቦውን ያዘው።

«እዚህ አይደለም» አለች። «በኔ በኩል ቁረጠው።»

ቁረጠው። «ይቁረጡት» አላለችም። ያቺን «አንተ» ስድስት ዓመት ጠብቋታል፤ መጣችለት፣ ግን ይዛው የመጣችው ይህን ነው። ሰርኬ ምን እንዳለችም ያስተዋለች አይመስልም።

ጉልላት በየትኛውም ጎን ቢቆረጥ ዘጠና ያው ዘጠና መሆኑን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ልዩነቱ አበባው ወደ የት ያዘነብላል ነው እንጂ አልጋው አንድ ነው። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«አንቺስ የት ልትተኚ ነው?»

«በሱ ቦታ ነዋ። ሲመጣ ይቀሰቅሰኛል።»

ነጩን ነጥብ በአውራ ጣቱ ጠረገ። ዞሮ በግድግዳው በኩል ለካና አሰመረ። ጥቂት ዘይት ጠብ አደረገ። ግራ አውራ ጣቱን መስመሩ ላይ አስደግፎ፣ ምላጯ መንገዷን እስክትይዝ ሦስት አራት ጊዜ በቀስታ ገፋ። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ረጅም ረጅም፣ ሳይቸኩል ቆረጠ። የሚቸኩል ሰው የምላጩን መሃል ብቻ ይጨርሳል። ሰርኬ ራስጌውን በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛለች። ምላጯ የቱቦውን ግድግዳ በበሳች ቁጥር «ገልብጪው» ይላታል፣ ትገለብጠዋለች፤ እንዲህ ዙሪያውን ሲሄዱበት ስሱ ብረት ጥርስ አይነቅልም። እጆቿ ከእጆቹ አንድ ጋት ርቀው ነበር። ምላጯ እንደተባለላት ነች። አንድም ጥርስ አልከዳም። ባለሙያ ሆኖ መገኘት እንዲህ ያስከፋኛል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ቁራጩ ሊለይ ሲል እጁን አቀለለ። መጨረሻ ላይ መጫን ምላጭ ይሰብራል።

ከራስጌው ሁለት፣ ከግርጌው ሁለት፣ አራት የሠላሳ ሳንቲም ቁራጭ ወለሉ ላይ ተሰለፈ። የቀሩትን ቱቦዎች ውስጣቸው ቀጭን ቱቦ ሰክቶ ከእግሮቹ ጋር በብሎን አሰራቸው። አልጋው ዘጠና ሆነ። አበባው ወደ ግድግዳው ተጠግቷል። የስፌት መኪናዋ በክፍቱ ቦታ ልክክ ብላ ገባች።

«ጋሽ ጉልላት» አለች ሰርኬ፣ የብረት ደቃቁን እየጠረገች። «እሱ ሲመጣ መልሰው ይቀጥሉልኛል አይደል?»

«ጋሽ» ተመለሰ። «ይቀጥሉልኛል»ም ተመለሰ።

«እቀጥልልሻለሁ» አለ። «መጋዝ የበላው የፀጉር ያህል ነው፤ አይታወቅም። ቁራጮቹ እንዳይጠፉ ብቻ።»

«እንግዲያው እርስዎ ጋ ይቀመጡ። እኔ ጋ ቦታ የለም።»

አራቱንም በብብቱ ሸጉጦ ወጣ። ጥጉ ውስጥ ገብቶ «ራስጌ ላይ»፣ «ራስጌ ታች»፣ «ግርጌ ላይ»፣ «ግርጌ ታች» ብሎ በጠመኔ ጻፈባቸው። ጠመኔ እንደሚጠፋ ያውቃል። ስለዚህ ቁጭ ብሎ በሞረድ ጫፍ ብረቱ ላይ ፊደሉን ፋቀ።

የሺጥላ ይመጣ ዘንድ አልጸለየም፤ ጸለይኩ ብሎ ራሱን አልዋሸም። ዝገት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዝናብ በጣለ ሰሞን ጨርቅ ዘይት እየነከረ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ይወለውላቸዋል፤ ከአጥሩ ማዶ የሰርኬ መኪና ትንሽ ሮጣ ትቆማለች፣ «ክር ትለውጣለች መሰለኝ» ይላል፣ መኪናዋ ደግሞ ትሮጣለች።