የእህት ኤርሰል አውራ ጣት

ልጄ ዊላ የመጀመሪያ አልበሟን ልታወጣ ስትል እኔን ያስጨነቀኝ ዘፈኑ አልነበረም፤ መንገዱ ነው። ከናሽቪል እስከ እኛ ሸለቆ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ የመኪናዋ ጎማ ደግሞ አልቋል። በየሰዓቱ ደውዪ ብያት ሁለት ጊዜ ብቻ ደወለች።

የመጣችው አልበሙ ከመታተሙ በፊት አንድ ዘፈን ልታሰማኝ ነው። ወጥ ቤት ገብታ ጊታሯን ጭኗ ላይ አደረገች። ባቄላው እሳት ላይ ነበር።

"እማ፣ እስክጨርስ ምንም አትበይ።"

"በልተሻል?"

"እማ!"

ዘፈኑ ስለ አንዲት እናት ነው። እናትየዋ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጣ የመዝሙር መጽሐፍ ገልጣ ትይዛለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። ከጎኗ ያለችው ሴት በአውራ ጣቷ ገጹን ስትገልጥ እሷም እኩል ትገልጣለች። መሃላቸው የተቀመጠች ትንሽ ልጅ ሁሉንም ታያለች፤ ለማንም አትናገርም።

ማማሰያው እጄ ላይ ቀረ። ያቺ እናት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእህት ኤርሰልን አውራ ጣት ስከተል ኖሬአለሁ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ የለም። ወንድም ሃርላን ስንኙን አስቀድሞ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። በዚህ ዓይነት አንድ ፊደል ሳያውቁ ሦስት መቶ መዝሙር ማወቅ ይቻላል። መጽሐፉን መያዝ ግን ግድ ነው። እጇ ባዶ የሆነች ሴት ሰው ዓይን ውስጥ ትገባለች። ከሸለቆው ሰው ጉዴን የሚያውቁት ነፍሱን ይማረውና ባሌ ዶይልና ዊላ ብቻ ነበሩ።

"አይሆንም ካልሽ ከአልበሙ ይወጣል" አለችኝ።

ፊቷን አየሁት። የትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ ስትመጣ "ዓይኔን ደክሞኛል፣ አንቺው አንብቢልኝ" እላት የነበረው ጊዜ ትዝ አለኝ።

"ዝፈኚው። እኔ መሆኔን ግን ለማንም እንዳትናገሪ።"

"ለማንም።"

"ለዚያ ቫዮሊን ለሚመታልሽ ልጅም ቢሆን።"

"እሱ ደግሞ የነገሩትን መቼ ይሰማል!"

አልበሙ በመጋቢት ወጣ። ስሙ "ከድልድዩ ወዲህ" ነው፤ አሥራ አንድ ዘፈን አለው። ነዳጅ ማደያው ሳይቀር ይከፍተው ጀመር። እህት ኤርሰል አንድ እሑድ ክንዴን ይዛ፣ "ወንድም ሃርላን ጊታር የሰይጣን ነው ይላል፤ መኪናው ውስጥ ግን የልጅሽን ዘፈን ሲያፏጭ ሰምቼዋለሁ" አለችኝ። ሳቅሁ። "አውራ ጣት" የሚለውን ዘፈን ሰምታው እንደሆነ ልጠይቃት ፈለግሁና ፈራሁ።

ያን ጊዜ ማንበብ መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ከተማ ወርጄ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት እማራለሁ። ለሰው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው የምሄደው እላለሁ። ኤርሰል አንዴ፣ "ለመሆኑ ስንት ጥርስ ነው ያለሽ?" ብላኛለች።

አንድ ማክሰኞ አስተማሪዬ ወይዘሪት ኮርሊ ከናሽቪል ጋዜጣ የተቆረጠ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠች። "የዊላን ፎቶ አይቼ ነው ያመጣሁልሽ። እኔም አላነበብኩትም። አንቺ ቀድመሽ አንብቢው።"

ጣቴን ከቃል ቃል እያሻገርኩ አነበብኩ። ጸሐፊው ፕሩዊት የሚባል ሰው ነው። ድምጿን አመሰገነ፤ ደስ አለኝ። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ "ከአሥራ አንዱ ዘፈን አሥሩ እውነት ነው። 'አውራ ጣት' ግን ሦስት የዘፈን ደራሲዎች ጠረጴዛ ከበው የፈበረኩት እንባ ነው። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለች እናት የለችም።"

መጨረሻዋን ቃል ሦስት ጊዜ አነበብኳት፤ አልተሳሳትኩም።

ለዊላ ደወልኩ።

"አየሽው እንዴ? ማን ነገረሽ?" አለች።

"ራሴ አነበብኩት።"

አፍንጫዋን ስትምግ ሰማሁ። "የሙዚቃ ኩባንያው የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በሬድዮ ከሚተላለፈው ዝግጅት ዘፈኑ ይውጣ ብሏል። ጋዜጠኞቹ የማን ታሪክ ነው ይሉኛል።"

"እና ምን ትያቸዋለሽ?"

"ምን እላለሁ እማ? ቃል ገብቼልሻለሁ።"

በእኛ አገር ዘፋኝ ድምፁ ቢሻክር ሰው ይምረዋል። ያልኖረውን ኖርኩ ብሎ ከዘፈነ ግን ማንም አይምረውም። ልጄ በእኔ ምክንያት የውሸታም ስም ተሸክማ ልትሄድ ነው።

ለጸሐፊው እውነቱን ልጽፍለት ቆረጥኩና በማግስቱ ኤርሰል ዘንድ ሄድኩ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ከእኔ አፍ ቀድማ መስማት አለባት። በረንዳ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። እንደቆምኩ ነገርኳት፤ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ አውራ ጣቷ፣ ስለ ጥርስ ሐኪሙ፣ ስለ ጋዜጣው ሰውዬ።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። "ስገልጥ እያየሽ ነበር የምትገልጪው?"

"አዎ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ዓይኔን ሞራ ከጋረደው አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል! አንድም ቁጥር አይታየኝም። አንቺ ስትገልጪ ነው የምገልጠው!"

"እኔ እኮ አንቺ ስትገልጪ ነው!"

"ታዲያ የሚጀምረው ማን ነበር?"

ድንቹ ከጭኗ ላይ እስኪንከባለል ሳቀች። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

"ለምን ሐኪም ዘንድ አልሄድሽም?"

"የአሮጊት ነገር መስሎኝ።"

"ሰባ አራት ዓመትሽ ነው!"

"ስለ ዕድሜ ልትሰድቢኝ ነው የመጣሽው?" አለችና ዓይኗን ጠረገች። "ሂጂ ጻፊለት ለዚያ ሰውዬ። እኔንም ጨምሪኝ።"

ደብዳቤውን ስጽፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ወይዘሪት ኮርሊ ላስተካክለው ብትለኝ እምቢ አልኩ። እንዲህ ይላል፦

"አቶ ፕሩዊት፣ የለችም ያሏት እናት እኔ ነኝ። ስሜ ኦፓል ስሎን ነው። ከጎኔ ያለችውም እህት ኤርሰል ናት፤ እሷም ገጹ አይታያትም ነበር። ጽሑፍዎን ራሴ አነበብኩት፤ አንድ ጠዋት ሙሉ ፈጀብኝ። ልጄ ዝም ያለችው እኔ ዝም በዪ ስላልኳት ነው። ዜማው ካልጣመዎት እሱ የእርስዎ ጉዳይ ነው። ልጄ ግን አልዋሸችም።"

በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ጋዜጣው ላይ ታተመ። ከሥሩ ሰውየው፣ "ስለ እናትየዋ ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ። ቫዮሊኑ ግን አሁንም በዝቷል" ብሎ ጻፈ።

ዊላ ስትደውል ድምፅዋ ይቆራረጣል። "እማ፣ አላስገደድኩሽም አይደል?"

"አላስገደድሽኝም። ስለ ቫዮሊኑ ግን ሰውየው እውነቱን ነው።"

ኩባንያውም ሐሳቡን ቀየረና ቅዳሜ ዘፈነችው። ከመጀመሯ በፊት፣ "ይሄ የእናቴ ነው፤ ፈቅዳልኛለች" አለች። ሬድዮው ሥር ቆሜ ሰማኋት።

እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደርሼ ከመኪና መውረድ አቃተኝ። ሁሉም ሰምቷል፤ ሁሉም አንብቧል። ኤርሰል መጥታ በሩን ከፈተች። "ነይ እንጂ! ማን ሊመራኝ ነው?"

ገብተን ቦታችን ተቀመጥን። ወንድም ሃርላን ገጽ የመጥራት ልማድ የለውም፤ ተነሣና የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣ። ሕዝቡ ተቀበለ። ኤርሰል ወደ እኔ ዘንበል አለችና፣ ጆሮዋም ደከም ስላለ፣ ጮክ ብላ ጠየቀችኝ።

"ገጽ ስንት ነው?"

መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለውን የመዝሙሮቹን የመጀመሪያ ስንኞች ዝርዝር ገልጬ ጣቴን ወደ ታች አወረድኩ። መዝሙሩ አልጠበቀኝም፤ ሦስት ስንኝ አለፈ። አራተኛው ላይ አገኘሁት።

"አንድ መቶ አርባ ሁለት" አልኳት፤ እሷ እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ።

ከፊታችን የተቀመጠው ሽማግሌው ዴንዚል አልዞረም። ገልጦ የያዘውን መጽሐፍ ቀስ ብሎ ዘጋና እሱም አንድ መቶ አርባ ሁለትን መፈለግ ጀመረ።