ብሽሽቱ ላይ የተሰፋው እጅ

ጠያቂውን ሁሉ ከሆስፒታሉ ክፍል በር መለስኩት። ብርቱካኑን ተቀብዬ "ተኝቷል" እላለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ። ዙህራ ባሏ ሲታመም ኮራች ይሉኛል። ይበሉ።

ባሌ እንድሪስ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነው። የማወልወያው ሞተር ቀበቶ የሸሚዙን እጅጌ ይዞ ቀኝ እጁን ሳበው፤ ከመዳፉ ጀርባ እስከ ክንዱ አጋማሽ ቆዳውን ከነሥጋው ገፈፈው። አጥንቱ ተርፏል፤ ጅማቱ ግን ራቁቱን ቀረ። ዶክተር በፍቃዱ የሚያደርጉትን ሲነግሩኝ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ከብሽሽቱ ላይ ቆዳና ሥጋ ከፍተው፣ በአንድ በኩል ሳይቆርጡ ትተው፣ ቁስለኛውን እጅ እዚያው ወስደው ሰፉበት። ሦስት ሳምንት እንደተሰፋ ይቆያል። አዲሱ ቆዳ ከእጁ ደም ማግኘት ሲጀምር ያን ጊዜ ከብሽሽቱ ይለያል።

"እስከዚያ ደሙ የሚመጣለት ከብሽሽቱ ብቻ ነው" አሉኝ። "ከተሳበ ቆዳው ይሞታል። ያ ከሆነ እጁን ማዳኔን እጠራጠራለሁ።"

ወርቅ ሠሪ ያለ ቀኝ እጁ ምን ይሆናል? አልጠየቅኋቸውም፤ መልሱን ፈራሁት።

በየሰዓቱ አንሶላውን ገለጥ አድርጌ ቆዳውን በጣቴ ጫን አደርገዋለሁ። ይገረጣል፤ ስለቀው ቀስ ብሎ ወዙ ይመለሳል። የዘገየ በመሰለኝ ቁጥር ነርሷን ብሩክታይትን እጠራለሁ። ልጅቷ ጨዋ ባትሆን ኖሮ እስካሁን ባባረረችኝ።

በስድስተኛው ቀን ሐጂ አብዱልሰላም መጡ። ለእንድሪስ ሙያውን ያስተማሩት፣ እኔንም የዳሩኝ እሳቸው ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው ቸርችል ጎዳናን በከዘራ ወጥተውታል። እሳቸውን በምን አፌ ልመልስ? እንድሪስ እንቅልፍ ላይ ነበርና አስገባኋቸው። ስህተቱ የኔ ነው።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ።

እንድሪስ ድምፃቸውን ሲሰማ በደንብ እንኳ ሳይነቃ ከወገቡ ብድግ አለ። ለሳቸው ሃያ ዓመት ሙሉ ሲነሳ ኖሯል። ቀኝ እጁን ለሰላምታ ሊዘረጋ ሲል ጮኸ። አንሶላው በደም ራሰ።

ሁለት ስፌት ተበጥሷል። ዶክተሩ መልሰው ሰፉት፤ የቆዳው ጠርዝ ግን ጠቆር ብሎ ነበር። "ሁለት ቀን እንየው" አሉ። እህል አልወርድ አለኝ። እንድሪስ "ወላሂ ሳላውቀው ነው" ይላል፤ እጮህበታለሁ፤ ከዚያ ኮሪደር ወጥቼ አለቅሳለሁ።

ሁለቱ ቀን ሲሞላ ዶክተሩ ቆዳውን ጫን አደረጉት። ገረጣ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወዙ ተመለሰ።

"ለጊዜው ይዟል" አሉ። "እንዲህ ያለ ነገር ቢደገም ግን ምንም ማድረግ አልችልም።"

ከሰዓት በኋላ ሐጂ እንደገና መጡ። በሩ ላይ ቆምኩ።

"ሐጂ፣ አፉ ይበሉኝ፣ አላስገባዎትም።"

"የሚነሳው ቆሜ ሲያየኝ አይደል? ቁጭ ብዬ ይቅርታ ልበለውና እሄዳለሁ።"

እንድሪስን "ሐጂ ሊገቡ ነው፤ ብትነሳ አልምርህም" አልኩትና ትከሻውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሐጂ ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ወንበሩን አልፈው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጡ። ከአልጋው በላይ የሚታየው ቆባቸው ብቻ ነው።

"ኧረ ሐጂ! መሬት ላይ!" የእንድሪስ ትከሻ እጄን ወደ ላይ ገፋ።

"ተኛ!" አሉት። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አፉ በለኝ ልጄ።"

ብዙም አላወሩም። ዱዓ አድርገውለት ሊነሱ ሲሉ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። የአልጋውን እግር ይዘው ሞከሩ፤ ተመልሰው ቁጭ አሉ። ደግመው ሞከሩ። ብሩክታይት ሌላ ክፍል ነበረች፤ የሚጠራ ሰው አጠገባችን የለም። ትከሻውን ልልቀቅ ወይስ ሽማግሌውን መሬት ላይ ልተዋቸው?

"ልቀቂኝና አንሻቸው" አለኝ እንድሪስ። "አልነሳም።"

ለቀቅሁት። ሐጂን በብብታቸው ይዤ እየጎተትኩ ዞሬ አየሁት። በግራ እጁ የአልጋውን ብረት ጨብጧል። ቆዳው የተገፈፈ ዕለት እንኳ ያላለቀሰው ሰው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያለቅስ ነበር። አልተነሳም።