መኪናው ሳይቆም

እኔ ሐሜት አልጠላም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከጎረቤቴ ከሬዲዮ ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጠን የማናነሳው የማንጥለው ሰው የለም። ሬዲዮ ያልኳት እኔ ነኝ፣ አንዴ ከተከፈተች አትዘጋም። ግን የልጅ ልጄ መኪና ውስጥ እንደገጠሟት ሳጥን ያለ አሳባቂ በዕድሜዬ አላየሁም።

የልጅ ልጄ ዕቃ አድራሽ ነው። ሰው በስልኩ ያዘዘውን ጫማ፣ ድስት፣ የሕፃን ዳይፐር በነጭ መኪና ጭኖ በየቤቱ ያደርሳል። እናቱ ስትሞትብኝ ገና ዳዴ ይል ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ስለሆንኩ እማዬ ነው የሚለኝ። ካገባ ወዲህ ቤቱ በከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ሳይነጋ ይወጣል፣ ሲመሽ ድክም ብሎ ይገባል፣ እሁድንም ይሠራል። እና የማየው በቀን አንዴ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዕቃ ይዞ በሰፈራችን ሲያልፍ ነበር። ደጄ ያቆማል፣ ይገባል፣ የዓይን ጠብታዬን ጠብ ጠብ ያደርግልኛል። እኔ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ጆሮዬ ውስጥ ነው የምጨምረው። ዳቦ በእንቁላሉን ይጎርሳል፣ ወሬዬን ይሰማል፣ ይሄዳል። ሩብ ሰዓት ናት። ቀኔ እሷ ነበረች።

ከዚያ ሳጥኗን ገጠሙለት። የክብሪት ቀፎ ታህላለች፣ መሪው ሥር ነው ያለችው።

"ምን ትሠራለች?" አልኩት።

"የት እንዳለሁ ለቢሮ ትናገራለች። ስቆም፣ ስፈጥን፣ ፍሬን ስይዝ፣ ሁሉን።"

"ሽንት ስትሸናስ?"

"እሱንም እማዬ።"

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

ዕቃ በማያደርስበት ደጅ ከሦስት ደቂቃ በላይ ከቆመ ቢሮ ያለው ቲቪ ላይ ቀይ ነጥብ ይበራል አሉ። በሁለት ሳምንት ሁለት ማስጠንቀቂያ ሰጡት። በሦስተኛው ከሥራ ይወጣል። የሚስቱ ሆድ ደግሞ ገፍቷል።

"ከነገ ጀምሮ አልመጣም እማዬ" አለኝ ዳቦውን ሳይጨርስ።

"የምታሳብቀው ስትቆም ነው አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዲያው አትቁም!"

ዘዴው የእኔ ነው፣ በማንም አላላክክም። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሬዲዮ ደጅ እስከ ማዕዘኑ ሱቅ መኪናው እንደ ኤሊ ይሳባል፣ እኔ መስኮቱን ይዤ ከጎኑ ኩስ ኩስ እላለሁ። ዳቦውን አጎርሰዋለሁ፣ ወሬዬን በጆሮው አፈስለታለሁ።

"ሬዲዮ ጥርስ አስተከለች።"

"አትይኝ!"

"ሰው እንዲያይላት ለቅሶ ቤትም ትስቃለች።"

ሱቁ ጋ ስንደርስ እለቀዋለሁ። ሬዲዮ ከደጇ ሆና "ኧረ ጎበዝ፣ ይቺ አሮጊት መኪና እያባረረች ነው!" ትላለች። ጠብታዬ ግን ቀረ። እየሄዱ ዓይን ውስጥ ጠብታ አይገባ። ሦስት ወር እንዲህ ከረምን፣ ዓይኔም እየደበዘዘ ሄደ።

አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ ኖሮ ጉድጓዱን አላየሁትም። በአፍጢሜ ተደፋሁ። መኪናው ቀጥ አለ። ተሸክሞ አስገባኝ፣ ጉልበቴን አጠበልኝ፣ ጠብታዬንም አደረገልኝ።

"ሂድ አንተ ልጅ፣ እያሳበቀችብህ ነው!"

"ታሳብቅ" አለኝ።

በማግስቱ ቢሮ ጠሩት። እኔም ሳልነግረው ሬዲዮን ተደግፌ ከኋላው ደረስኩ። አለቃው ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጨዋ ሰው ነው፤ "ይቀመጡ እማማ" ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ልጄ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ቲቪው ላይ መንገዱ ሁሉ እንደ ክር ተዘርግቷል።

"ይቺ ቀይዋ ምንድን ናት?" አልኩ።

"የእርስዎ ደጅ ናት። ትናንት አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ቆሞባታል።"

"ትናንትማ ወድቄ ነው! ልጄ መች ቆሞ ያውቃል? ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ መኪናው ሳይቆም ነው እየሮጥኩ የማጎርሰው! ይቺን ጠይቃት!"

"በዓይኔ በብረቱ!" አለች ሬዲዮ፣ አዲሱን ጥርሷን እያሳየች።

ልጄ ዓይኑን ጨፈነ። "እማዬ..." አለ ቀስ ብሎ።

ምነው ምላሴን ያኔ በነከስኩት።

"በየቀኑ?" አለ አለቃው። የኮምፒውተሩን ቁልፎች ነካካ፣ የሦስቱን ወር መንገድ ፈለገ። የግማሽ ደቂቃ መንገድ በየቀኑ አራት ደቂቃ ፈጅቷል። "እኛ እኮ መንገዱ የፈረሰ መስሎን ነበር።"

ቆይቶ፣ "ልጁ ሠራተኛ ነው፣ ስለ እርስዎ ብዬ አላባርረውም" አለኝ። ልመርቀው አፌን ስከፍት በጣቱ ሰፈራችንን ዙሪያውን አሰመረበት። "ከዛሬ ጀምሮ መኪናው እዚህ መስመር ውስጥ ከገባ ራሱ ይጮኻል። የዚህን ሰፈር ዕቃ ሌላ ሹፌር ያደርሳል።"

ሬዲዮን ተደግፌ ተነሳሁ።

አሁን የሚያልፈው ከሱቁ ማዶ በትልቁ መንገድ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሬዲዮ እጄን ይዛ ታደርሰኛለች። በመጀመሪያው ሰሞን ዘወር ብሎ እጁን ያነሳልኝ ነበር። በኋላ ፊት ለፊቱ ካሜራ ሰቀሉበት፤ ዓይኑ ከመንገዱ ከተነሳ ትጮኻለች። እና አንገቱን እንደ እንጨት አድርጎ ነው የሚያልፈው አሉ። እኔማ የማየው አንድ ነጭ ነገር እልፍ ሲል ነው።

"ዞረ?" እላታለሁ።

"ዞረ! ሳቀልሽም እኮ" ትለኛለች።

ሬዲዮ መቀባጠር እንጂ መዋሸት አትችልበትም። ድምጿ ያስታውቃል። ነገም እጠይቃታለሁ።