ከድልድዩ እስከ ምሳ ሰባት ደቂቃ

«ሰውዬው ሐሙስ ይመጣል! ሰዓት ይዞ!» አለ ዘበኛው፣ በአንድ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ።

ሰኞ ዕለት ወሬው ገና ጨቅላ ነበር፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ሰው መጥቶ የአውቶቡስ ዴፖውን ምግብ ቤት ያያል፣ በቃ። ማክሰኞ ጠዋት ጥርስ አበቀለ፤ ሰውዬው ሹፌሮቹ ምሳ ላይ የሚያጠፉትን ጊዜ ይለካል፣ ከሃያ ደቂቃ ካለፉ ምግብ ቤቱ ተዘግቶ የብስኩት መሸጫ ይሆናል። ረፋዱ ላይ ደግሞ ሰውዬው በሁለቱም እጁ ሰዓት እንደሚያስር ተሰማ። ዘበኛው በሩን በከፈተ ቁጥር ያወራዋል፤ በሩ ደግሞ በቀን ስልሳ ጊዜ ይከፈታል።

«ጋሼ፣ ይሄን ወሬ በባትሪ ነው እንዴ የሚያስነሡት?» አለችው ችኩሏ፣ የቆስጣ እስር በትከሻዋ ተሸክማ ስትገባ።

«ሳቂ፣ ሳቂ። ብስኩት ስትቸረችሪ አይሻለሁ።»

«ከቸረቸርኩ ለእርስዎ የተሰበረውን ነው የምሸጥልዎ።»

ችኩሏ ያሏት ሹፌሮቹ ናቸው፤ ሥራዋን እየሮጠች ስለምትሠራ፣ መልሷን ደግሞ ጥያቄው ሳያልቅ ስለምትሰጥ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ምግብ ቤት ሽንኩርት ልጣለች፣ ድስት ፈትጋለች፤ ምድጃው ግን የአክስቷ ነበር። ምግብ ማብሰል ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። ከቆየ መጽሔት ላይ ቆርጣ ያነበበችው አለ፣ ከዘይት ዕቃ ጀርባ ጽሑፍ የለቀመችው አለ፤ የቀረውን ያወቀችው አቃጥላ ነው። ስላቃጠለችውም አታፍርም። «እኔ የማላውቀው ነገር ገና ያላቃጠልኩት ብቻ ነው» ትላለች።

ወሬው ጥርስ ያበቀለ ጊዜ አክስቷ ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ ጣለችው።

«በይ እንኪ። እኔ ድስት ሙሉ ሠርቼ ሳሞቅ ሩብ ሰዓት ያልፋል፣ ሰዉ ተሰልፎ ያዛጋል። ከዚህ ወዲያ ጉልበቴም አይታዘዘኝም። እስከ ሐሙስ ምድጃው ያንቺ ነው። ከዘጉት ሁለታችንም ወደ ቤት፤ ካልዘጉት እዚያው ቆመሽ ትቀሪያለሽ።»

«የምርሽን ነው አክስቴ?»

«ሳልጸጸት ጀምሪ!»

ችኩሏ ወደ ምድጃው ሮጠች። የምታደርገውን ካወቀች ቆይታለች። ዝናቡ ካቆመ ገና ሁለት ሳምንት ነው፤ ከዴፖው አጥር ማዶ የሚሸጠው ቅጠል ሁሉ ለስላሳና እርጥብ ነው፤ ቆስጣው፣ ስፒናቹ፣ አገዳው ቀይ የሆነ የቀይ ሥር ቅጠል። እንዲህ ያለ ቅጠል እሳት ላይ ሦስት ደቂቃ ከቆየ በዛበት። ከተቀቀለ ሽምብራ ጋር፣ ከእንቁላል ጋር፣ ከሩዝ ጋር ይሄዳል። ሹፌር ደግሞ በልቶ መሪ ላይ እንዳያንቀላፋ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ጊዜ ለመቆጠብ ብላ ግን ያን ዕለት ከአምስት ሰዓት በፊት ሁሉንም አብስላ፣ ከድና ጠበቀች። ስድስት ሰዓት ላይ ሹፌሮቹ ሲገቡ ክዳኑን አነሣች። አረንጓዴው የለም። ጠቁሮ፣ ሟሽሾ፣ በራሱ ውሃ ውስጥ ተኝቷል።

የአስራ ሁለት ቁጥር ሹፌር ሳህኑን ብርሃን ላይ ያዘው። ድምፁ ግቢ ያናውጣል፤ ስሙን ጥሩንባ ያሉት ለዚህ ነው። «እግዜር ያሳያችሁ! ይሄ ቅጠል ከእኔ በፊት ጡረታ ወጥቷል!»

ምግብ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ችኩሏ ክዳኑን መልሳ ከደነች፤ ሳቁ ከጠቆረው ቅጠል በላይ አንገበገባት።

ሹፌሮቹ ሲወጡ የሩዝ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ከምግብ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ የስምሪት ክፍሉ ነው፤ በመሀል አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። የስምሪት ኃላፊው ጋሽ ደቂቃ ይባላል። አውቶቡስ አንድ ደቂቃ ቢዘገይበት እራት አይበላም ይሉታል፤ «ምሳ ሃያ ደቂቃ» የሚለውን በቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ የጻፈውም እሱ ነው። የመገናኛ ሬዲዮው በመስኮቷ በኩል ይንኮሻኮሻል።

«ዘጠኝ ቁጥር፣ የት ደረስክ?»

«ዘጠኝ ቁጥር፣ ድልድዩን አለፍኩ።»

ችኩሏ ሳታስበው ሰዓቱን አየች። ዘጠኝ ቁጥር ግቢ ሲገባ ሰባት ደቂቃ ሆኖታል። «አራት ቁጥር፣ ድልድዩን አለፍኩ» ሲል ደግሞ አስባ አየች። ሰባት። ሦስተኛውም ሰባት።

ከጆንያው ላይ እንደ ተወረወረች ተነሥታ በመስኮቷ አንገቷን አስገባች።

«ጋሽ ደቂቃ! ከነገ ጀምሮ አንድ ሰው ድልድዩን ባለፈ ቁጥር ይጩሁልኝ!»

«ምን ሆነሽ ነው? አስደነገጥሽኝ እኮ!»

«ቅጠል ላሰማራ ነው። እርስዎ አውቶቡስ እንደሚያሰማሩት። ድልድዩን ሲያልፍ መጥበሻ እጥዳለሁ፤ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ሳህኑ ይቀርባል። ቀድሜ አላበስል፣ ዘግይቼ አላሰልፍ።»

«የመገናኛ ሬዲዮ ለቅጠል አልተገዛም።»

«ለብስኩት ነው እንዴ የተገዛው?»

ጋሽ ደቂቃ መነጽሩን አወለቀ። ጥቂት አሰበ። እርሳስ አነሣ። «ሰባት ደቂቃ አይደለም» አለ። «ከስድስት ሰዓት በፊት ስድስት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ፣ ከዚያ በኋላ ሰባት ከአስር። ትምህርት ቤት ይለቀቃላ።»

እንግዲህ ይሄን ያለ ሰው የሷ ሆነ ማለት ነው።

ረቡዕ ሙከራ ነበር። አገዳውን ከቅጠሉ ለየች፤ አገዳው ጠንከር ስለሚል ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቀድሞ ይገባል። ቅጠሉን እንደ ምንጣፍ ጠቅልላ በቀጭኑ ቆረጠችው። ዘይቱ ሲሞቅ አገዳውን ጣለች፣ ሲለሰልስ ቅጠሉን፣ ውሃ ሳትጨምር፤ ከእጥበቱ የቀረበት ጠብታ ይበቃዋል። ክዳን፣ ሃምሳ ሰከንድ፣ ከዚያ ጨው፣ ከዚያ ሎሚ። ሲወጣ እንደ ተወለወለ አዲስ አውቶቡስ ያብለጨልጫል!

አክስቷ አንድ ጉርሻ ወሰደች። መንጋጋዋ መሀል ላይ ቆመ። ቀጭ አለ።

«ጣዕሙ ጥሩ ነው» አለች አክስቷ። «አሸዋውን ኪሎውን በስንት ገዛሽው?»

ዝናብ የረጨው አፈር ነው፤ ቅጠሉ ሥር ሥር ተደብቋል። ችኩሏ አልተከራከረችም። ሐሙስ ንጋት ላይ መጥታ በሰፊ ሳፋ ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ ውሃውን ከቅጠሉ ላይ ሳይሆን ቅጠሉን ከውሃው ላይ እያነሣች፣ አሸዋው ታች እንዲቀር። በንጹሕ ጨርቅ አራግፋ ዘርግታ አስቀመጠች። ሽምብራው ከማታ ጀምሮ የተቀቀለ ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱ የተከተፈ። ከቅጠልና ከእሳት መገናኘት በቀር ቀድሞ የሚሠራ ነገር ሁሉ ተሠርቷል።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሰውዬው መጣ። ቀጭን ነው፣ የሚያስረው ሰዓት አንድ ብቻ ነው፤ ዘበኛው ይሄን ሲያይ ቅር አለው። ሰውዬው ደብተሩን ይዞ የኩሽናው በር ላይ ቆመ፤ ማንም አላስቀመጠው፣ እሱም ለመቀመጥ የመጣ አይመስልም።

«አራት ቁጥር ድልድዩን አለፈ!» ጮኸ ጋሽ ደቂቃ በመስኮቷ።

መጥበሻ አንድ ተጣደ። አገዳ። ነጭ ሽንኩርት። ሽታው ግቢውን ሞላው።

«ዘጠኝ ቁጥር ድልድዩን አለፈ! አስራ ሁለትም ተከትሎታል! ሁለት አውቶቡስ፣ ሁለት!»

መጥበሻ ሁለት፣ መጥበሻ ሦስት። አክስቷ ጉልበቷን ረስታ ሳህን ትደረድራለች፣ እንቁላል ትሰብራለች። ችኩሏ ሦስት መጥበሻ አላት፣ እጇ ግን ሁለት ነው። ዞር ስትል ከሰውዬው ጋር ተላተመች።

«ጌታዬ፣ ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ! ሰዓት ይዘዋል አይደል?»

«አዎ፣ ግን እኔ የመጣሁት...»

«በጣም ጥሩ! ይቺን ክዳን ይያዙ። ሃምሳ ሰከንድ ሲሞላ ይጩሁ።»

ሰውዬው ክዳኑን አየ፣ ደብተሩን አየ። ደብተሩን ብብቱ ሥር ወተፈና ክዳኑን ያዘ።

«ሃምሳ!» አለ በቀስታ።

«አልሰማሁም!»

«ሃምሳ!!»

«እንዲያ ነው! ቀጣዩ!»

አራት ቁጥር ሹፌሩና ቲኬት ቆራጩ እጃቸውን እያራገፉ ሲቀመጡ ሳህኑ ፊታቸው ተቀመጠ፤ እንፋሎቱ ገና አልሸሸም። ዘጠኝ ቁጥር ገባ፣ ሳህኑ ቀረበ። «ሃምሳ!» አስራ ሁለት ቁጥር ገባ። «ሃምሳ!» ሰውዬው ላብ በላብ ሆኗል፣ ኮቱን መቼ እንዳወለቀ ራሱም አያውቅም። አንዴማ አርባ ስምንት ላይ ሊጮህ አፉን ከፍቶ ራሱን ገታ፤ ችኩሏ አይታው በልቧ ወደደችው።

ጥሩንባ ሳህኑን እንደ ማክሰኞ ብርሃን ላይ አነሣው። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ እሱ አሰገገ። ጎረሰ። አኘከ። ዳግመኛ ጎረሰ፤ ከዚያ በኋላ ሳህኑ ታጥቦ የቀረበ እስኪመስል ድረስ ድምፁ አልተሰማም።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው። «ጡረታ ወጣህ?»

«አንቺ ልጅ፣ ነገር አታብዢ። ድገሚኝ።»

«ድልድዩን እንደገና እለፍና እደግምሃለሁ።»

ሳቁ ጣሪያውን ነካ። ደገመችው ግን፤ ሦስት ደቂቃ ብቻ ፈጀባት።

የመጨረሻው ሹፌር ከተቀመጠበት ሲነሣ አስራ አምስት ደቂቃ አልሞላውም። ሹፌሮቹ በልተው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ቆመው ይቀላለዳሉ። አውቶቡሶቹ እንደ ክር መስመር ተራቸውን ጠብቀው ወጡ፤ ጋሽ ደቂቃ በመስኮቷ በኩል ቁጥራቸውን የሚጠራው እንደ ልጆቹ ስም ነበር።

ሰውዬው ክዳኑን መልሶ፣ እጁን አድርቆ፣ እሱም አንድ ሳህን በላ። ከዚያ ቅጹን ዘርግቶ ጻፈ። ችኩሏ ከትከሻው በላይ አጮልቃ አነበበች፤ «ምግብ ቤቱ ይቀጥላል» ይላል። ፈረመ። ማኅተሙን አውጥቶ ሁለት ጊዜ መታ።

ችኩሏ መጥበሻውን ታቅፋ ዘለለች። ጥላሸቱን ሁሉ ደረቷ ላይ አተመችው።

«መጥበሻውን በሽቦ እንዳትፈትጊው» አለች አክስቷ። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ፣ ሽርጡን ወንበሩ ላይ ትታው፣ ከሠራተኞቹ ሳይሆን ከተመጋቢዎቹ ጠረጴዛ ሄዳ ተቀመጠች። «እኔንስ ማን ሊያስተናግደኝ ነው?» ብላ ጮኸች።

«ያልተመዘገበ ተሳፋሪ!» አለ ጋሽ ደቂቃ ከመስኮቷ። «ይሳፈሩ፣ ይሳፈሩ!»

ሰውዬው ቅጹን ሊያጥፍ ሲል ቆመ። «አንዲት ባዶ ቦታ ቀርታኛለች። ሥራው አልቋል፣ ለፋይሉ ያህል ነው። ምሳ ሃያ ደቂቃ የሚለው መመሪያ ቁጥሩ ስንት ነው?»

«እሱንማ አሁን አመጣዋለሁ» ብሎ ጋሽ ደቂቃ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ።

ሲመለስ አንድ ወረቀት እያነበበ ነው የሚራመደው። በሩ ላይ ደረሰና ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና አነበበው። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደለትና ጮክ ብሎ አነበበ፦

«የሹፌሮች የምሳ ዕረፍት ከሃያ ደቂቃ ወደ አርባ ደቂቃ ከፍ ብሏል።»

ቀኑ የዛሬ አራት ዓመት ነው። ከግርጌው «አይቼዋለሁ» ተብሎ ተጽፏል፤ ፊርማው የጋሽ ደቂቃ ነው።