ሳላይ አልቀባም

«ሳላይ አልቀባም» ብሎ ነበር አባቷ። ወይም «ሳላየው እንዴት ብዬ እቀባለሁ» ነው ያለው፤ ልጅ ሆና ከመጋረጃ ጀርባ የሰማችው ስለሆነ ቃል በቃል አታስታውሰውም። አባቷ የሱቅ ታፔላ ቀቢ ነበር። የመጣው ነጋዴ ገና ያልገዛውን ማቀዝቀዣ ታፔላው ላይ እንዲስልለት ፈልጎ፣ «አንተ ብቻ ቀባው፤ እሱ ራሱ አይቶ ይመጣል» ሲል ሁለቱም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ የሆነውን አልሰማችም። ይኸው ፀጉሯ ሸብቶ እንኳ፣ አባቴ ቀባው ይሆን ወይስ ተወው እያለች ታስባለች።

አሁን እሷም ያው ቀቢ ናት፤ ብሩሹ ኮምፒውተር ሆነ እንጂ። ኳንተም ኮምፒውተር ለሚሠራ አዲስ ድርጅት አርማ፣ ቀለምና መሪ ቃል ስታዘጋጅ ከርማለች። ክብ ስትስል መለሱባት፤ ሞገድ ስትስል መለሱባት። ሥራ አስኪያጁ «እትዬ፣ ትንሽ ብልጭ ይበል» ይላታል። ብልጭ ስታደርገው «በዛ» ይላል። ዓይኗ ዝሏል፤ ወገቧማ ካመፀባት ቆየ።

በድርጅቱ ምርቃት ዋዜማ የመጨረሻውን ንድፍ ይዛ ሄደች፦ ማሽኑ በወርቃማ ብርሃን ተከቦ፣ ከሥሩ «ዛሬ ይሠራል» የሚል ቃል ተጽፎበታል።

«ይኼ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ከወንበሩ ተነስቶ።

እፎይ ማለት ሲገባት አንድ ነገር ከነከናት።

«እስቲ ማሽኑን ልየው።»

«አሁን?»

«ስስለው ከረምኩ፤ አንድ ቀን እንኳ አላሳያችሁኝም።»

«ክፍሉ ይበርዳል፣ እትዬ።»

«ሹራብ ይዣለሁ።»

ክፍሉ አይበርድም ነበር። ፊዚክስ የተማረችው የሥራ አስኪያጁ ታላቅ እህት፣ የድርጅቱ ግማሽ ባለቤት፣ በተፈታታ ማሽን መሀል መሬት ላይ ተቀምጣ ብሎን ታጠብቃለች።

«ትልቁ በርሜል ማቀዝቀዣው ነው፣ እትዬ» አለቻት። «ያፈስሳል። ካልቀዘቀዘ ደግሞ ማሽኑ አያስብም። ከፈታነው ሰነበተ።»

«ነገስ?»

«ነገማ ላም አለኝ በሰማይ ነው።»

ወንድምዬው ቀቢዋን ወደ በሩ ሳብ አደረጋት። «አንቺ ሳልሽ እንጂ አልዋሸሽም። ውሸቱ የእኔ ነው። ፋይሉን ላኪልኝና ሄደሽ እረፊ።»

እረፊ የሚለው ቃል አጓጓት። መላክ እኮ አንድ ጣት ማንሳት ነው። «ጌታዬ፣ ድካሜን ሰበብ አታድርግብኝ» አለች በልቧ፤ ከዚያ በተደፋ ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

«አልልክም፣ ልጄ። ብርሃኑን አጥፍቼ፣ ቃሉንም አንስቼ፣ እንዲሁ እንደተፈታታ እስለዋለሁ። ካልፈለግክ ሌላ ሰው አሠራ፤ አልቀየምህም።»

«የተፈታታ ማሽን አርማ? መሳቂያ ልታደርጊን ነው?»

«ይሠራል ብለህ ስትለጥፍ አሳየን አይሉህም?» አለች እህቱ። «እሷ እንኳ ‹ልየው› ብላሃለች።»

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን ፈታ አድርጎ እሱም መሬት ላይ ተቀመጠ። ጥግ ላይ ያለ አንድ ፓምፕ ያንጎራጉራል። ቀቢዋ ተደግፋ ልታንቀላፋ ስትል የእሱን ድምፅ ሰማች።

«ወለሉ ግን ይጠረግ።»

እህቱ መጥረጊያውን በእግሯ ገፋችለት። አነሳው። አርማው ቀቢዋ እንዳለችው እንዲሳል፣ እሱም ነገ በሩን ከፍቶ እንግዶቹን ወደዚህ ሊያስገባ፣ የሚያፈስሰውንም ቦታ ራሱ ጎንበስ ብሎ ሊያሳያቸው ተስማማ።