የጋሽ ሊፍቱ ደረጃ

«ነፍስ ይማር ልል መጥቼ የራሴን ነፍስ ደረጃው ላይ ጥያት ልቀር ነበር» አሉ ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ የበሩን መቃን ይዘው እያለከለኩ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው የነበሩት አንገታቸውን ደፉ፤ ግማሾቹ ሳቃቸውን ሊደብቁ ነው። ሟቹ ዕድሜ ልኩን ሊፍት ሲጠግን የኖረ፣ ሰፈሩ «ጋሽ ሊፍቱ» የሚለው ሰው ነው። የገዛ ፎቁ ሊፍት ግን ከቆመ ወራት አልፎታል።

የሟቹ ልጅ መለከት የቡናውን ፔርሙስ አስቀምጣ ወንበር አቀረበችላቸው። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፤ መናኸሪያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የአውቶቡስ መነሻ የምትናገረው እሷ ናት። ግራ እግሯ ከጠዋት ጀምሮ ደንዝዟል። ግድግዳውን ተደግፋ ስትዞር እናቷ ከሶፋው ላይ በዓይኗ ተከተለቻት። አየችኝ ይሆን? ሰው በገባ በወጣ ቁጥር የምትፈራው ይህንኑ ነበር፤ እናቷ በዚህ ሐዘን ላይ ሌላ እንዳትሰማ።

ምስጢሩን የሚያውቀው አባቷ ብቻ ነበር። ሐኪሙ «መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል፣ የነርቭ ሕመም ነው፣ ገና መጀመሪያው ላይ ነሽ» ሲላት አጠገቧ የነበረው እሱ ነው። ለእናቷ እንዳይናገር አስማለችው፤ እናቷ ለጉንፋን እንኳ እንቅልፍ የምታጣ ሴት ናት። ከዚያ ወዲያ መለከት መንቀሳቀስ ፈራች። እግሬ ይከዳኛል ብላ የምትወደውን ዋና ተወች፤ ኑሮዋ ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር ታክሲ ሆነ። አንድ ቀን ማይክራፎኑ ፊት፣ ንግግሯን ሳትጨርስ ትንፋሽ አጠራት።

ሐኪሙ ቱቦ አስነፍቶ ትንፋሿን ለካና «ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ ቁጭ ማለቱም ጎድቶሻል» አላት። «የመተንፈሻ ጡንቻም እንደ እግር ነው፣ ካላሠሩት ይሰንፋል። በልክ፣ እያረፍሽ ተንቀሳቀሺ።» እሷ አልሰማችም። አባቷ ግን ሰማ።

በዚያው ሳምንት ሊፍቱ ተበላሸ። ጎረቤት ሲጠይቀው «ዕቃ እየጠበቅኩ ነው» ይላል። ማታ ከሥራ ስትመለስ ታች ቆሞ ይጠብቃትና ክንዱን ይሰጣታል።

«አየሩን አውጪው፣ ቀስ ብለሽ፣ ትኩስ ሻይ እንደምታበርጂ።»

«አንተ ሊፍት ጠጋኝ ነህ ወይስ ሊፍት ገዳይ?»

«አፍሽ ከሠራ ሳንባሽ ደህና ነው፣ ውጪ።»

እየተጨቃጨቁ፣ እያረፉ ይወጣሉ። ማይክራፎኑ ፊት ትንፋሿ መቼ እንደተመለሰ እንኳ ልብ አላለችውም።

አሁን በሩ ላይ አባቷ ሥራ ያስተማረው መካኒክ ቆሟል፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ለጋሼ ክብር ብዬ ሊፍቱን ልሠራው ሞክሬ ነበር» አለ ግራ በተጋባ ድምፅ። «ምንም አልሆነም እኮ። ጋሼ ራሱ ማብሪያውን አጥፍቶ፣ ሳጥኑን ቆልፎበት ነው።»

«እያወቀ ነው?» አሉ አዋላጇ። «በዚህ ጉልበቴ ደረጃ ያስወጣኝ እያወቀ ነው?»

«ለካ ስናለከልክ ማየት ደስ ይለው ነበር» አለ አንዱ ከጥግ፣ ዝቅ አድርጎ፤ ግን ሁሉም ሰማው።

«ባሌ እንደሱ ያለ ሰው አልነበረም» አለች እናቷ። ፊቷ አመድ መሰለ።

መለከት ዝም ብትል እናቷ ሌላ መርዶ አትሰማም፤ አባቷ ግን በገዛ ለቅሶ ቤቱ እንደ ክፉ ሰው ይታማል።

«ለእኔ ብሎ ነው» አለች።

ሕመሙንም፣ ፍርሃቷንም፣ ደረጃውንም ነገረቻቸው። ድምፅዋ አልተቆረጠም። አዋላጇ «ምነው ለእኔ እንኳ በነገረኝ፤ እየረገምኩት ባልወጣሁ» አሉ፤ አለቀሱም። እንግዶቹ አንድ ሁለት እያሉ ወጡ።

እናቷ አልተቆጣችም። መለከት ቁጣውን ትመርጥ ነበር።

«ነይ፣ ዙሪ» አለቻት ሶፋው ላይ ቦታ እየለቀቀች። ከኋላዋ ሆና ጆሮዋን የልጇ ጀርባ ላይ ለጠፈች። «ተንፍሺ።»

ተነፈሰች።

«እንደገና።»

«እማዬ፣ ደህና ነኝ እኮ።»

«አባትሽ አጠገቤ ተኝቶ ትንፋሹ ሲቆም አልሰማሁም» አለች እናቷ። ጆሮዋን አላነሳችም።

መለከት አየሩን ቀስ ብላ ሳበች፤ እናቷ በደንብ እንድትሰማው ድምፅ እያሰማች ተነፈሰች።